ሐረጎን የወጣችው መርከብ

ለደሴና ለኮምቦልቻ የመርከብ ሊቃውንት ምስጋና ሳይቀርብ ብዙ ጊዜ አለፈ። ባሕር በሌለው አገር፣ ያውም ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጦሳ ሥር በተቀመጠ ከተማ፣ ስለ አንዲት የጭነት መርከብ ይህን ያህል ዕውቀት ሲፈልቅ ዝም ብሎ ማለፍ ንፉግነት ነው። ወደብ ያለው አገር ሰው መርከብ ሲያይ የሚታየው ዕቃ ነው። የኛ ሰው ወደብ ስለሌለው ዓይኑን ዕቃ አልጋረደውም፤ በቀጥታ ትርጉሙን ነው የሚያየው።

መርከቧን ለማያውቅ (ፒያሳ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ከተገኘ ይጠቆም) በአንድ የባሕር ማዶ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያለች ልብ ወለድ መርከብ ናት። በሁለተኛው ሲዝን ስድስተኛ ክፍል ላይ ሁለት ረዣዥም ጡሩምባ ይሰማል፤ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ትላለች፤ ለአራት ሰከንድ ጎኗን አሳይታ ትሰወራለች። ከሦስት ክፍል በኋላ አንድ ሰውዬ ወደብ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ከፍቶ ይገባል። አለቀ። ምን እንደጫነች፣ ከየት እንደመጣች፣ የማን እንደሆነች ደራሲዎቹ አልነገሩንም። እነሱ የተዉትን ጎዶሎ የሚሞላ ሕዝብ ግን አለ፤ ቡና ላይ ተቀምጧል።

ወሎ ለዚህ ሥራ የተሰናዳ አገር ነው። ዋድላን የሚያህል የቅኔ ቤት የወጣበት ምድር ነው። የድሮው ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ኮቾሮ ቋጥሮ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ዓመታት ይፈጅ ነበር። መጀመሪያ ግሥ ያወርዳል፣ አገባብ ያጠናል፣ ሰሙን በደንብ ይይዛል፤ ወደ ወርቁ የሚሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። የመርከቧ ተማሪ ይህን ሁሉ እንግልት አሳጥሮታል። ሰሙን ዘሎ ወርቁ ላይ ያርፋል። ሰሙ ብረት ነው፣ ቀለም ነው፣ ቶን ነው፤ እሱ ለጫኝና አውራጅ የተተወ ነገር ነው።

ክቧን እንውሰድ። በመርከቧ ጎን፣ ወገቧ አካባቢ፣ አንዲት ክብ አለች፤ በመሐሏ አግድም መስመር ያልፋል። ይህች ክብ ከታየች ወዲህ ሸዋ በር አካባቢ ሰላምታ ያቋረጡ ጓደኛሞች አሉ። አንዱ የተጨፈነ ዓይን ነው ይላል። ሌላው ለሁለት የተገመሰች ዓለም ናት ይላል። ሦስተኛው ክቧ ዳር እስከ ዳር 300 ሚሊ ሜትር መሆኗን ከሆነ ቦታ አግኝቶ አመጣ፤ የኖኅ መርከብ ርዝመት 300 ክንድ መሆኑን አስታወሰና ስኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ለአምስት ደቂቃ የተነፈሰ ሰው አልነበረም።

ግኝቱ እንዳይበላሽ በለሆሳስ እንናገር፤ 300 ሚሊ ሜትሩ ትክክል ነው። ክቧ የጭነት ልክ ምልክት ናት፤ ትልልቅ የንግድ መርከቦች ሁሉ አላቸው። መስመሩ 450 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ 25 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባል እንግሊዛዊ የፓርላማ ሰው፣ መርከበኛው ከልክ በላይ በተጫነ መርከብ እየሰጠመ ሲያልቅ አይቶ ሲጮህ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 በሕግ ያስገባት ናት። ከጎኗ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ አጫጭር መስመሮች አሉ። ጨው የሌለው ውሃ ስለሚቀል መርከብ ወንዝ ስትገባ ይበልጥ ትጠልቃለች፤ ለሱ የራሱ መስመር አለው። የሰሜን አትላንቲክ ክረምት ማዕበሉ ስለሚከፋ ጭነት ይቀነሳል፤ ለሱም ከ100 ሜትር የማይበልጡት መርከቦች ላይ ሌላ፣ ከሁሉም ዝቅ ያለ መስመር አለው። ውሃው ተገቢውን መስመር ከሸፈነ መርከቧ ከልክ በላይ ጭናለች፤ ወደብ ላይ ትያዛለች። በአጭሩ ባሕር ላይ ያለ የሚዛን ጣቢያ ማለት ነው። የሚዛን ጣቢያ ደግሞ በዓለም ላይ ለማንም ዓይን ሆኖ አያውቅም፤ ሹፌሮችን ይጠይቁ።

ስሟም አለ። አፍንጫዋ ላይ ከተጻፈው ስም ሁለት ፊደል ዝገት በልቶታል። ወሎ ሁለት ፊደል መሆኑን ያስተዋለው ሰው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ ይሸለም ነበር። መርከብ ላይ ስም ሲጻፍ የፊደሉ ጠርዝ ብዙውን ጊዜ በብየዳ ብረቱ ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ቀለሙ ቢላጥ ቀቢው ጠርዙን ተከትሎ ይሞላዋል። ዝገት ሁለት ፊደል መርጦ በልቶ ሌላውን አንጸባርቆ የሚተወው ዲዛይነር ሲያዘው ብቻ ነው። ይህ ግን ደረቅ ወሬ ነው፤ ወሎ ትሻላለች።

ከሁሉ የረቀቀው ምርምር የተደረገው ቁጥሩ ላይ ነው። ኋላዋ ላይ 7341258 ተብሎ ተጽፏል። ሊቃውንቱ አሃዞቹን ደመሯቸው፤ 30 መጣ። 30 ብር፣ ይሁዳ፣ ክህደት! ካፒቴኑ ከሃዲ መሆኑ በዚሁ ተዘጋ። እዚህ ላይ ከልብ የሚደነቅ ነገር አለ፤ በገዛ እጃቸው ደመሩ። አንድ እርምጃ ቀርቷቸው ነበር እንጂ የቁጥሩ ምስጢር ከእጃቸው ላይ ነበር።

መርከብ ስትሠራ ሰባት አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣታል፤ ስሟ ቢቀየር፣ ባለቤቷ ቢቀየር፣ ባንዲራዋ ከፓናማ ወደ ላይቤሪያ ቢዞር፣ ቁርጥራጭ ብረት ሆና እስክትሸጥ ቁጥሩ አይለቃትም። ሰባተኛው አሃዝ የስድስቱ ጠባቂ ነው። የመጀመሪያውን በ7፣ ሁለተኛውን በ6፣ እንዲህ እያሉ ስድስተኛውን በ2 ማባዛት፣ ከዚያ መደመር ነው። 49፣ 18፣ 20፣ 4፣ 6፣ 10፤ ድምሩ 107። የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ ሰባተኛው ቦታ ላይ መገኘት አለበት፤ ማለትም 7። የኛዋ ላይ የተጻፈው 8 ነው። ስለዚህ ይህን ቁጥር የያዘች መርከብ በምድር ላይ ልትኖር አትችልም። የፊልም ሰዎች የሰው መርከብ እንዳያስከፋ ብለው ቁጥር ያጣምማሉ፤ ወይም ቀለም የያዘው ልጅ አላባዛም።

ይህን ለሊቃውንቱ መንገር ስህተት ነው። ሲነገራቸው ያዳመጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰባት መሆን ሲገባው ስምንት ሆነ። ስምንተኛው ሺህ! ያን ቀን ቡናው አራተኛ ተደገመ።

ጡሩምባው ደግሞ አሁን የስንት ባጃጅ ጥሪ ሆኗል መሰላችሁ። ሁለት ረዣዥም ድምፅ፤ ሁለት ሰው ይሞታል ማለት ነው ተብሎ ተተርጉሟል፤ የትኞቹ ሁለቱ በሚለው ላይ ቡድን ተለይቷል። በባሕር ሕግ አንዱ ረዥም ጡሩምባ ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ይነፋል። በጭጋግ የምትጓዝ መርከብ ቢበዛ በየ2 ደቂቃው አንዴ ትነፋለች። ሁለት አከታትላ ከነፋች “ሞተሬን አቁሜያለሁ፣ አልንቀሳቀስም” ማለቷ ነው። ምስሉ ላይ ግን አፍንጫዋ ነጭ አረፋ እየገመሰ ነው፤ ሩጫ ላይ ናት። ቆሜያለሁ እያለች ትሮጣለች። ይህን የሚያህል ውሸት በአራት ሰከንድ ተፈጽሞ፣ የኛ ሰው ስለ ሞት ነው የሚጨቃጨቀው።

በሩን ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻልም። ሰውዬው ኮንቴይነሩን ሲከፍት ቀኙን በር ነው የሚከፍተው፤ ግራውን አይነካም። ስለ ቀኝ የተባለው ብዙ ነው፤ ቀኝ እጅ፣ ቀኝ መንገድ፣ በመጨረሻው ቀን በቀኝ መቆም። አንድ ከሆጤ የመጣ ወጣት በዚህ ላይ ያቀረበው ትንታኔ ከአቦል እስከ በረካ ፈጅቷል፤ ቆሎው አልቆ ሁለተኛ ሰፌድ መጥቷል።

ከዚያ ቡና ቤት 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ግቢ ውስጥ፣ ኮንቴይነር ሲከፈት ይውላል። ሁሌም ቀኙ ይቀድማል። የቀኙ በር ጠርዝ የግራውን ስለሚደርብበት፣ ግራው ብቻውን ቢጎተት አይወጣም። እሽጉም የሚታሰረው ቀኙ ላይ ነው፤ ቀኙ ካልተነካ ግራው አይነካም። በሩ ላይ አራት የብረት ዘንጎች ከላይ እስከ ታች ይወርዳሉ፤ እጀታው ተነሥቶ ሲዞር የዘንጎቹ ጫፍ ከላይና ከታች ካለው መያዣ ይለቃል። ጠንቃቃ ጫኝ ሲከፍት ከበሩ ጀርባ ይቆማል፤ መንገድ ላይ የተናደ ካርቶን በሩን ተደግፎ ይጠብቀውና ደረቱ ላይ ይወርዳል። ዘንጎቹ ያሉት ውጭ ነው፤ ውስጥ የቀረ ሰው እንደ ቤቱ በር ከፍቶ አይወጣም። በስድስተኛው ክፍል ከተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ ወጥቷል የሚባለው “ምስጢራዊው ተሳፋሪ” ላይ የተጻፈው ሁሉ እዚህ ዘንግ ላይ ነው የሚቆመው። ደግነቱ ከዚያ ጉባኤ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ በር ያየ ሰው የለም። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ፣ ትራንስፖርት ውድ ነው።

በመርከቧ መስኮት ታየ የሚባለውን ሰውዬ በተመለከተ በአጭሩ፦ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የተጨመቀ ቪዲዮ ጥቁር ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ጥላ ይሠራል። ፋይሉን እንደገና ባወረዳችሁት ቁጥር ሰውዬው ቦታ ይቀይራል። አንዴ ኮፍያ አድርጎ ታይቷል።

ክርክሩ ቅኝትም አለው፤ ከወሎ ሌላ ምን ይጠበቃል። ትዝታዎቹ መርከብ የሚል ቃል ሲሰሙ አሰብ ይደርሳሉ። ስለ ድራማው አያውቁም፤ አሰብ ላይ ስለ በሉት ዓሣ ግን አንድ ሰዓት ያወራሉ፤ ከሁሉም የሚሻል ወሬ የነሱ ነው። አምባሰሎቹ እንደ ተራራው ቀጥ ብለው ወደ ላይ ነው፤ አንድ ብሎን አይተው ከጥፋት ውሃ ጀምረው ይወርዳሉ። አንቺሆዬዎቹ መርከቧን ትተው በቀይ ሻርፕ የምትታየዋን ሴት ይዘዋል። ባቲዎቹ ነጋዴ ናቸው፤ ቀጣዩን ክፍል ቀድመው አውርደው በሞባይል ካርድ ይቸረችሩታል፤ ስለ ትርጉሙ ሲጠየቁ “አይታችሁ ፍረዱ” ይላሉ።

እውነተኛ የጠፋች የጭነት መርከብም ለጉባኤው ቀርባ ነበር። ቤይቺሞ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1931 አላስካ አጠገብ በረዶ ያዛት፣ ሰዎቿ ትተዋት ወረዱ፤ ማዕበል ሲመጣ ከበረዶው ወጥታ ያለ ሰው ስትንሳፈፍ ኖረች፤ ለመጨረሻ ጊዜ ታየች የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። 38 ዓመት! ምን ጭና ነበር ተብሎ ተጠየቀ። የአውሬ ቆዳ። ጭነቷ ከታወቀ ምን ይሠራልናል ተብላ ተመለሰች።

የኛዋን ጭነት እንተንትን፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። እስካሁን ወርቅ ነው ተብሏል። የሞቱት ገጸ ባሕርያት ነፍስ ነው ተብሏል። የደራሲው ጸጸት ነው ያለም አለ፤ ይህኛው መነጽር ያደርጋል። ዳውዶ ላይ ቤት የጀመረ አንድ ሰው ሲሚንቶ ነው ብሎ ነበር፤ ስላለበት ችግር ይቅርታ ተደርጎለታል። የሁሉም ማስረጃ አንድ ነው፤ ከጎኗ በታች በሰፊው የሚታየው ቀይ ቀለም። ቀዩ ደም ነው፣ ቀዩ እሳት ነው፣ ቀዩ ሻርፑ ነው።

መርከብ የታች አካሏ ቀይ የሚቀባው ውሃ ውስጥ ስለሚኖር ነው። ዝልግልግ አረንጓዴና ቅርፊታም ተባይ ብረቱ ላይ እየተለጠፈ ፍጥነቷን ይቀንሳል፤ ነዳጅ ያስበላል። እንዳይለጠፍ ቀለሙ ውስጥ የመዳብ ውህድ ይገባል፤ ያ ውህድ በተፈጥሮው ቀይ ነው። ዛሬ በሌላ ቀለምም ይሠራል፣ ልማዱ ግን እንዳለ ነው። እንግዲህ ቀይ ማለት ውሃ ሊሸፍነው የተሠራ ቦታ ማለት ነው። ያ ቦታ በሰፊው ከውሃ በላይ ሲታይ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ መልስ ያለው ጥያቄ ጨዋታ ያፈርሳል።

ለማንኛውም መለኪያው ይኸውላችሁ። ምስሉን አቁሙ። ወደ እናንተ ባለው ጎኗ ጠርዝ ላይ ከተደረደሩት አንድ ኮንቴይነር ምረጡ፤ ከኋላ ያለውን ከመረጣችሁ በርቀት ስለሚያንስ ስሌቱ ይበላሻል። ቁመቱን በማስመሪያ ለኩ፤ መደበኛው ኮንቴይነር 2.59 ሜትር ነው። ስልካችሁ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነና ቀዩ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ቀዩ ሁለት ኮንቴይነር ይሆናል፤ 5.18 ሜትር። የላይኛው የቀዩ ጠርዝ ጭነት ስትይዝ ውሃው የሚደርስበት አካባቢ ነው። አምስት ሜትር ከዚያ በላይ ተነሥታ የምትንሳፈፍ መርከብ ሆዷ ውስጥ ጭነት የለም። ላይዋ ላይ ያለው ሁለት ደርብ ኮንቴይነርም ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ባዶ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ከ2 ቶን ብዙ አይበልጥም። የያዘችው የባሕር ውሃ ነው፤ ባዶዋን እንዳትንገዳገድ፣ ፕሮፔለሯም ከውሃ ወጥቶ አየር እንዳይቀዝፍ፣ ታንኮቿን በውሃ ትሞላለች።

ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰው እንኳ ወተቷን አላይም ብሎ አምኗል። የኛዎቹ ባዶዋን መርከብ ሲያራግፉ ይኸው ስንተኛ ሳምንታቸው ነው፤ አንድም ቀን ደክሞናል አላሉም። እንዲህ ያለ ጫኝና አውራጅ ጅቡቲ አታገኝም።

በየጉባኤው ጥግ ላይ ግን አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር አይጠፉም። ከሚሌ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ ኮምቦልቻ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ናቸው። ተሳቢ ከሩቅ ሲመጣ የጫነ ይሁን ባዶ ለመለየት ማስመሪያ አይፈልጉም። ባሌስትራው ተደፍቶ ይሆን ቀጥ ብሎ፣ ጎማው ሆዱ ተነፍቶ ይሆን ቆሞ ያያሉ። ጨለማ ከሆነ ያዳምጣሉ፤ የጫነ ጉድጓድ ላይ ድም ብሎ ያልፋል፣ ባዶ ይንኳኳል፤ ሐረጎን ሲወጣ በስንተኛ ማርሽ እንደሚያቃስት ሰምተው ኩንታሉን ይገምታሉ። ምስሉ በታየበት የመጀመሪያ ቀን፣ ገና አቦሉ ሳይቀዳ፣ “ባዶ ናት” ብለው ነበር። ሁሉም በአክብሮት “እሺ ጋሼ” ብሎ ቡና ጀባ አላቸው፣ ወደ ወርቁና ወደ ነፍሱ ተመለሰ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ያ የሆጤው ወጣት ተነሣ። ጋሼ ልክ ናቸው አለ። ሰው ጸጥ አለ። ባዶ ናት፤ ይህ ያለቀ ነገር ነው፤ ቀዩን ለክቻለሁ፣ 5.18 ነው። ማስመሪያውንም አሳየ። እንግዲህ፣ አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጥያቄው ሌላ ነው። ማን አራገፋት?

ቡና አፍይዋ ጀበናውን አውርዳ እንደገና ልትቆላ ብረት ምጣዱን ጣደች። ሹፌሩ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲነሡ “እሱን ተዉት፤ ቆማ የዋለችበትን ማን ይከፍላል?” ብለው ወጡ። ወደብ ላይ በቆመ ቁጥር ስለሚቆጠረው ክፍያ፣ ስለ ዲመሬጅ ነበር የሚያወሩት። ጉባኤው ግን “ቆማ የዋለችበት” የምትለዋ ቃል ሰም ናት ወይስ ወርቅ በሚለው ላይ ለሁለት ተከፍሏል፤ ለመጪው ቅዳሜ ዓሥር ሰዓት ተቀጥሯል።